ስድስት ሺህ የትምባሆ ችግኝ

የካቲት 9

ይድረስ ለፌንጣ፣

እንደምን ከርመሃል? ሥራው፣ ብርዱ፣ ሰዉ እንዴት ይዞሃል? ጤናውን ያብዛልህ፣ የቆምክበትን ያጽናልህ። እኔ ደህና ነኝ። ደህና ማለት ምን ማለት እንደሆነ አትመርምረኝ እንጂ እበላለሁ፣ እተኛለሁ፣ ቤት እጠርጋለሁ።

ወንድምህን ከቀበርን አራት ወር ሊሞላ ነው፤ እስካሁን አልጻፍኩልህም። ያን ጊዜ በስልክ ስንገናኝ እኔም ዝም፣ አንተም ዝም፣ በመጨረሻ መስመሩ ራሱ ሰልችቶት ተቋረጠ። ስለዚህ ወረቀት ይሻለኛል። ወረቀት ችግኝ ቤቱ ግድግዳ ላይ ይለጠፋል፤ እጄ ጭቃ ቢሆንም አነበዋለሁ።

ጉዳዬ ይህ ነው። ባለፈው ሳምንት የማኅበሩ ሰብሳቢ መጥቶ ነበር። ችግኝ ቤቱና የምንኖርባቸው ሁለት ክፍሎች ለባልሽ የተሰጡት ከሥራው ጋር ነው አለኝ። ሰው ቢሞትም ሥራው አልሞተም፤ ሠላሳ ገበሬ የትምባሆ ችግኝ ይጠብቃል። ስድስት ሺህ ጤነኛ ችግኝ ሰኔ 12 ካስረከብኩ ቤቱም ሥራውም በስሜ ይዞራል። ካልሆነ ለሌላ ሰው ይሰጣል፤ ያ ሰው ደግሞ ማደሪያ ይፈልጋል። ክፉ ሰው አይደለም። ይህን ሁሉ ሲናገር መሬት መሬቱን ነበር የሚያየው።

እሺ አልኩት። መሄጃ ስለሌለኝ ነው እሺ ያልኩት፣ ሥራውን ስለማውቅ አይደለም። ሃያ ሁለት ዓመት ከትምባሆ ችግኝ ጋር በአንድ ግቢ ኖሬ አንድም ችግኝ ነክቼ አላውቅም። ወንድምህ አያስገባኝም ነበር። ውሃ አመላልስለታለሁ፤ ባልዲውን ደፉ ላይ ሆኖ ይቀበለኛል። ለምን ስለው፣ “እጅሽ ከባድ ነው” ይልና ይስቃል። እኔ አልስቅም ነበር። ሰው ይህን ያህል ዓመት እጅሽ ከባድ ነው ከተባለ፣ ብቻውን ሲሆን እጁን እያገላበጠ ማየት ይጀምራል።

አንተ ግን ከአሥራ አንድ ዓመትህ ጀምረህ እዚያው መደብ ለመደብ ስትዘል ያደግህ ነህ። ስሙም የወጣልህ በዚሁ ነው። አሁንም ሥራህ ችግኝ ነውና አስተምረኝ። መጀመሪያ ምን ውስጥ ልዝራ? ያለኝን ልንገርህ፦ አሥራ አራት የእንጨት ሳጥን፣ አንዳንዱ ታቹ የበሰበሰ። ሦስት ሺህ የሚሆን ጥቁር የችግኝ ላስቲክ። ሰብሳቢው ያመጣልኝ የቀለም ቆርቆሮ ክምር። የእንቁላል ካርቶን። ለሁለት የተቆረጠ ጀሪካን። ልብስ ሰፊዋ ጎረቤቴ ደግሞ በአበባ ያጌጠ ጎድጓዳ ሳህን ሰጥታኛለች፤ ቢያምርባቸው ብላ ነው።

እሷ ዘወትር “አልቅሺ፣ ይወጣልሻል” ትለኛለች። አላለቀስኩም። ምኑ እንደሚወጣልኝም አላውቅም። ተኝተህበት የደነዘዘ ክንድ፣ የራስህ መሆኑን እያየህ የራስህ የማይመስልህ አለ አይደል? እንደዚያ ነኝ፣ ከጥፍሬ እስከ ጠጉሬ።

ገንዘብ አትላክልኝ። ምክር ላክልኝ።

እትዬህ

የካቲት 30

ለተከበሩ እትዬ፣

ሰላምታዬ ካሉበት ይድረስዎት። ጤናና ብርታት አይለይዎት፤ የጀመሩትን ያስፈጽምዎት። እኔ በጣም ደህና ነኝ።

በቀብሩ ዕለት ባለመገኘቴ እስከ ዛሬ አንገቴን እደፋለሁ። አሠሪዬ ፈቃድ ከለከለኝ። ብለምነውም እምቢ አለኝ። ከዚህ በላይ የምለው የለኝም።

ወደ ዘሩ ልሂድ። ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ነውና ከሥሩ ልጀምር። የትምባሆ ዘር ዱቄት ነው። ስድስት ሺህ ችግኝ የሚሆነው ዘር አንድ የሻይ ማንኪያ አይሞላም። ወንድሜ ሲዘራ አጠገቡ ማስነጠስ ክልክል ነበር። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል፤ ይህን ግን ካፈሰሱት የሚለቅሙት የለም። ከደቃቅ አሸዋ ጋር ይቀላቅሉትና እንደ ጨው ይነስንሱት። ከዚያ አፈር አያልብሱት። ብርሃን ካላየ አይበቅልም፤ ብዙ ሰው ልፋቱን የሚቀብረው እዚህ ላይ ነው።

ለመዝሪያ የእንጨት ሳጥኖቹ ይበቃሉ። አራት ጣት ጥልቀት ካላቸው ሌላ አይፈልጉ፤ ታቹ የበሰበሰውን በጣውላ ይጠግኑት። ቀዳዳ ግን ይኑረው። ውሃ የማይወጣበት ዕቃ ውስጥ ሥሩ ታፍኖ ይሞታል፤ ስለዚህ የአበባውን ሳህን ለልብስ ሰፊዋ በምስጋና ይመልሱላት። የቀለም ቆርቆሮ ፀሐይ ሲመታው ይግላል፣ ሥሩን ይቀቅለዋል፤ ውስጡ የቀረውም ቀለም መርዝ ነው። የእንቁላል ካርቶን ውሃ ሲነካው ይፈርሳል። ጀሪካኑ ነጭና ብርሃን አሳላፊ ከሆነ አፈሩ ውስጥ አረንጓዴ ሻጋታ ያበቅላል፤ ለውሃ ማጠራቀሚያ ያድርጉት።

ከወር በኋላ አንድ በአንድ እየተነቀሉ ወደየራሳቸው ዕቃ ይዛወራሉ። ለዚያ ጥቁሩ ላስቲክ አንደኛ ነው። ለጎደለው የእርጎ ኩባያ ይሰብስቡ፣ ታቹን በጋለ ሚስማር ሦስት ቦታ ይብሱት። ሁሉንም፣ አዲስ የሚመስለውንም ጭምር፣ በሳሙናና በበረኪና ይጠቡ። አፈሩ ላይ የፈላ ውሃ ያፍስሱበትና ሲቀዘቅዝ ይጠቀሙበት።

ያሉኝን አክብሬ ገንዘብ አልላክሁም። ይበርቱ።

ታዛዥ ወንድምዎ

መጋቢት 27

ይድረስ ለፌንጣ፣

ሰላም ለአንተ ይሁን፤ ወጥተህ ግባ፣ ክፉ አይንካህ።

“እርስዎ” ያልከኝ ከመቼ ወዲህ ነው? አፍንጫህን የጠረግኩልህ ሰው ነኝ። ደብዳቤህን ለልብስ ሰፊዋ ባነብላት “ከመንግሥት መሥሪያ ቤት ነው?” አለችኝ። እንደድሮው አንቺ በለኝ። እርስዎ የሚባል ሰው ብቻውን ነው የሚቀመጠው።

እንዳልከው አደረግኩ። ዕቃ ማጠብ ብቻ አራት ቀን ፈጀብኝ። ቆርቆሮውን ስመልስለት ሰብሳቢው ቅር አለው፤ ከሩቅ ነበር ተሸክሞ ያመጣው። የእርጎ ኩባያ እንደምፈልግ ልብስ ሰፊዋ ለደንበኞቿ አስወራችልኝ። ልብስ ሊያሰፋ የሚመጣ ሁሉ ኩባያ ይዞ ይመጣል፣ ያልታጠበ፣ ዝንብ የወረረው። ሱሪ ለማሳጠር ሦስት ኩባያ የሚል ዋጋ አወጣች ብለው ያሟታል። የሚያግዘኝ ሁሉ ከእጅ አይሻል ዶማ ነውና የሚስማሩን ሥራ ራሴ ያዝኩት፤ የጣቴ ጫፍ ተቃጥሎ ተልጧል። ብዙም አላመመኝም።

የዘራሁት መጋቢት 14 ነው። በአሥረኛው ቀን ሳጥኑ አረንጓዴ አቧራ የተነሰነሰበት መሰለ። ጎንበስ ብዬ ሳይ ቅጠል ነው፣ ሁለት ሁለት ቅጠል፣ ከስፒል ራስ የማይበልጥ። ሲበቅል ደስ ይለኛል ብዬ ጠብቄ ነበር። በቀለ፤ አየሁት፤ ውሃ አጠጣሁና ወጣሁ።

ጠዋት ይበርዳል፣ የወንድምህን ካፖርት ደርቤ ነው የምገባው። ቀን ፀሐይዋ ስትበረታ ጥላውን እስባለሁ። ማታ በር እዘጋለሁ። ቀኑ እንዲህ ያልቃል፤ ስለማለቁ አመሰግናለሁ።

የማዛወሪያው ጊዜ ሲደርስ እንዴት እንደምይዛቸው ጻፍልኝ። እጄ ከባድ ነው ተብያለሁና እፈራለሁ። ደግሞ አንድ ነገር፦ አሠሪዬ ከልክሎኝ ነው ያልከውን አምኛለሁ። ብቻ እዚህ የሚጠይቀኝ ሰው ብዙ ነው፤ ለምን አልመጣም ሲሉኝ ያንኑ እደግምላቸዋለሁ።

እትዬህ

ሚያዝያ 6

ለእትዬ፣

ጤና ይስጥልኝ፤ ጉልበትሽ አይድከም፣ ቤትሽ አይጉደል። ይኸው አንቺ አልኩሽ። አፍንጫዬንም ጠርጌያለሁ።

ማዛወሩን በጠዋት ወይም አመሻሽ ላይ አድርጊው። ካያያዝ ይቀደዳል፣ ካነጋገር ይፈረዳል። ችግኙን በቅጠሉ ያዢው እንጂ በግንዱ አትያዢው። ቅጠል ቢቀደድ ሌላ ይተካል፤ ግንድ ከተጨመቀ ግን ቆሞ ይታይሻል እንጂ ሞቷል። በእርሳስ ጉድጓድ አብጂ፣ ሥሩን ወደ ታች ልቀቂው፣ አፈሩን በጣትሽ ጠጋ ጠጋ አድርጊለት። ውሃውን ከላይ አትድፊበት። ላስቲኩንና ኩባያውን ዝርግ ነገር ላይ ደርድሪና ከሥር ውሃ አድርጊለት፤ ራሱ ይስባል። ሁልጊዜ ርጥብ አፈር ግን ግንዱን ከታች ያቀጥነዋል። ከማስረከቡ ሁለት ሳምንት በፊት ውሃውን ቀንሺ። ትንሽ ይጠውልግ፣ ይልመድ።

እኔ የምሠራበት የመስታወት ቤት ከዳር እስከ ዳር ለመሄድ ሩብ ሰዓት ይፈጃል። አፈሩን ሳህን ውስጥ የሚሞላው ማሽን ነው፣ ቀዳዳውን የሚያበጀው ማሽን ነው፣ ዘሩን የሚጥለው ማሽን ነው። የኔ ሥራ ማሽኑ የሳታትን ቀዳዳ እያየሁ አንድ ዘር መጨመር ነው። ጓንት አድርጌ። ጥፍሬ ውስጥ አፈር ካየሁ ስንት ዓመት ሆነኝ። ሰው እጁን በየሰዓቱ ይታጠባል፣ ማንም ከማንም ጋር አይነካካም፤ ችግኙ ያምራል።

ለሚጠይቁሽ ሰዎች የምትመልሺውን አንብቤያለሁ። እሱን ሆድ ይፍጀው።

ወንድምሽ

ግንቦት 6

ለፌንጣ፣

ሰላም ላንተ ይሁን። ይህን በፈጣን ፖስታ ነው የላክሁት፣ በዚያው መልስልኝ።

ከሚያዝያ 18 ጀምሮ ሰባት ቀን ሙሉ፣ ልብስ ሰፊዋ አፈር እየሞላች እኔ እየተከልኩ አዛወርናቸው። በቅጠላቸው ያዝኳቸው። ስድስት ሺህ መቶ ሃያ ሆኑ። ሁሉም ቆሙ። ሰብሳቢው መጥቶ አይቶ “ባልሽ ያለ ነው የሚመስለው” አለኝ። ደህና ሰነበትኩ።

ከዚያ ባለፈው እሑድ በሩ አጠገብ ባለው ተራ ቅጠሉ ተዥጎረጎረ። ግማሹ ጥቁር አረንጓዴ፣ ግማሹ ቢጫ፣ መሐሉ የተጨማደደ። ውሃ በዝቶ ነው ብዬ ቀነስኩ። ማክሰኞ ሁለተኛው ተራ ሆነ። ሐሙስ ሦስተኛውና አራተኛው። እንደፈለገ እየዘለለ አይደለም፤ እኔ በተከልኩበት ተራ፣ እኔን ተከትሎ ነው የሚመጣው። ላስቲክም ኩባያም አይመርጥም። ልብስ ሰፊዋ የተከለቻቸው ሃምሳ የሚሆኑ ነበሩ፣ እኔ ምሳ ስበላ። እነሱ አንዳቸውም አልታመሙም።

እንግዲህ እጅሽ ከባድ ነው ያለኝ እውነቱን ኖሯል።

ሰብሳቢው ገና አላየም። አንድ ወር ከስድስት ቀን ቀርቶኛል። እንደገና ብዘራ አይደርስም። ቤቱ ከሄደ ወዴት እንደምሄድ ላስብ ቁጭ እልና ሐሳቡ አይመጣም፤ ግድግዳውን ሳይ እቆያለሁ። ምን እንዳደረግኩ ንገረኝ።

እትዬህ

ግንቦት 14

ለእትዬ፣

ብርታቱን ይስጥሽ። ሰላምታዬን ያሳጠርኩት ፖስታ ቤቱ ሳይዘጋ ልድረስ ብዬ ነው።

በሽታው ከአፈርም ከውሃም ከዕቃም አይደለም። ሳጥንሽም ኩባያሽም ንጹሕ ነው። ይህ በእጅ የሚሄድ በሽታ ነው፣ መድኃኒትም የለውም። የሚኖረው ራሱ ትምባሆ ውስጥ ነው። ቅጠሉ ደርቆ፣ ተከትፎ፣ ሲጋራ ሆኖም ቢሆን አይሞትም። ሲጋራ የነካ እጅ ችግኝ ከነካ ይጋባል፤ ከዚያም ከአንዱ ወደ ቀጣዩ፣ በተራ።

ማን ነው የሚያጨሰው ብዬ ልጠይቅሽ ስል የመጋቢቱን ደብዳቤሽን መልሼ አነበብኩት።

ካፖርቱ ነው፣ እትዬ። ኪሱ ነው።

ወንድሜ ካፖርቱን ለብሶ ችግኝ ቤት ገብቶ አያውቅም። ከበሩ ውጭ በስተግራ ወፍራም ሚስማር አለ፣ እዚያ ይሰቅለዋል። ከዚያ እስከ ክርኑ በሳሙና ይታጠባል፤ በመጨረሻ እጁን በወተት ይለቀልቃል፣ ወተት ያንን ነገር ያከሽፈዋል። እኔንም እንዲሁ ያስታጥበኝ ነበር። ይህን በመጀመሪያው ደብዳቤዬ አልጻፍኩልሽም። ኩባያውን፣ አፈሩን፣ ቆርቆሮውን ሁሉ ዘርዝሬ እጅ መታጠቡን ረሳሁ። እዚህ ጓንት ለምጄ እጅ የሚባል ነገር ጠፍቶኛል። ጥፋቱ የኔ ነው።

አንቺን ለምን እንደማያስገባሽ እኔ አውቃለሁ። የቀን አሥሩን ሲጋራ ጠዋት ጠዋት የምትጠቀልይለት አንቺ ነበርሽ። አንድ ቀን፣ ራስህ ጠቅልልና እሷ ትግባ፣ እጅ ይበዛልናል አልኩት። “እሷ ያልጠቀለለችው አይጥመኝም” አለኝ። ምክንያቱ ይኸው ነው። ለአንቺ ቢነግርሽ መጠቅለሉን ትተሽ ሥራውን ትመርጫለሽ ብሎ ፈርቶ ይመስለኛል። እጅሽ ከባድ አይደለም።

አሁን የምታደርጊው፦ የታመመውን ሁሉ ንቀዪ። በዙሪያው ያለውን ጤነኛ የሚመስለውንም አንድ አንድ ረድፍ ንቀዪ። እጅሽ ላይ ፌስታል አጥልቀሽ፣ ከግቢ ውጭ አቃጥዪው። የነቀልሽ ቀን ጤነኞቹ ጋ አትግቢ። ካፖርቱን በፈላ ውሃና በሳሙና እጠቢው፣ ወይም ደግሞ አትልበሺው።

ካፖርቱን እጠቢ ብዬ ጽፌልሽ እኔ ደብቄ ልቀመጥ አልችልም። አሠሪዬ አልከለከለኝም። ሁለት ሳምንት ሰጥቶኝ ነበር። ትኬትም ቆርጬ ነበር፣ ሻንጣዬንም ዘግቼ ነበር። ከዚያ አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀመጥኩ፤ አውሮፕላኑ እስኪሄድ ድረስ አልተነሣሁም። ከመጣሁ ሞቷል ማለት ነው። ካልመጣሁ ግን ችግኝ ቤት ውስጥ ነው፤ ጎንበስ ብሎ ነው፤ ስለማይሰማ ነው የማይመልሰው። እንዲህ እያልኩ ነው የምኖረው። ፈሪ ነኝ። ብትቀየሚኝ ይገባኛል።

ወንድምሽ

ሰኔ 5

ለእትዬ፣

እንደምን ሰነበትሽ? ፈጣሪ በጤና ያቆይሽ።

ሦስት ሳምንት ሆነ። ፈጣን ፖስታ በስምንት ቀን ይደርሳል ብለውኛል። ምናልባት አልደረሰሽ ይሆናል ብዬ ስለበሽታው የጻፍኩትን ገልብጬ ከዚህ ጋር ልኬዋለሁ። ሌላውን አልገለበጥኩትም። ሁለት ጊዜ መጻፍ አልቻልኩም።

ደርሶሽ ዝም ብለሽ ከሆነም አንድ መስመር ብቻ ጻፊልኝ። ችግኞቹ ስንት ቀሩ? ቁጥሩን ብቻ።

ወንድምሽ

ሰኔ 14

ይድረስ ለፌንጣ፣

ሰላምታዬ ይድረስህ፤ ዕድሜ ይስጥህ፤ እንጀራህ አይጉደል። ሁለቱም ደብዳቤዎችህ ደርሰውኛል። ዝም ያልኩት ተቀይሜ አይደለም። ሥራ ላይ ነበርኩ፤ ከሥራው ለሌላ ነገር የሚተርፍ አቅም አልነበረኝም።

ቁጥሩን ልንገርህ፤ አራት ሺህ መቶ ሃምሳ።

ደብዳቤህ የደረሰኝ ቀን የካፖርቱን ኪስ ጋዜጣ ላይ ገለበጥኩት። ግማሽ ማንኪያ የሚሆን የትምባሆ ፍርፋሪ ወጣ። አልደነቀኝም። እንዳለ አውቅ ነበር። ጠዋት ጠዋት ከቤት እስከ ችግኝ ቤቱ በር ድረስ እጄን እዚያ ውስጥ ከትቼ፣ ፍርፋሪውን በጣቴ እያሸሁ ነበር የምሄደው። ብርዱ ሰበብ ነው። ከዚያ በዚያው እጄ ቅጠል እይዛለሁ። ባልዲ ውሃ አፈላሁ፣ ሳሙና ጨመርኩ፣ ዘፈዘፍኩት። ውሃው ቡና ዓይነት ሆነ። ሦስት ጊዜ ቀየርኩለት። ሲደርቅ አሸተትኩት፣ ሳሙና ሳሙና ይላል። አሁን አለቅሳለሁ ብዬ ተቀመጥኩ። አልመጣም። ተነሥቼ ፌስታል አጠለቅሁና ነቀላ ጀመርኩ።

ሁለት ሺህ ልደርስ ትንሽ ሲቀረኝ ነው ያቆምኩት። ከግቢ ውጭ እያቃጠልኩ ሰብሳቢው ደረሰ። አየና ጭንቅላቱን ያዘ። ለምን ታቃጥያለሽ፣ ቢጫው ብዙም አይታይም፣ ማሳ ሲገባ ያገግም ይሆናል፣ አንቺ ቁጥሩን ሙይና ቤትሽን አትርፊ አለኝ። ለኔው ብሎ ነው። “ከዚህ ቤት የታመመ ችግኝ ወጥቶ አያውቅም” አልኩት። እውነት መሆኑን እንኳ አላውቅም። ወንድምህ እንዲህ የሚል መሰለኝ። ሰብሳቢው ባርኔጣውን አድርጎ ሄደ፤ እኔም የቀረውን አቃጠልኩ። ከዚያ ወዲህ በሳሙናና በወተት እየታጠብኩ ነው የገባሁት፤ በየቀኑ። ከዚያ በኋላ የታመሙት ሠላሳ አይሞሉም።

ሰኔ 12 ሠላሳዎቹም ገበሬዎች መጡ። ሰብሳቢው ግቢው መሐል ቆሞ ነገሩን ሳይሸፋፍን አስረዳ። ውላችን ስድስት ሺህ ነበር፣ ያለው አራት ሺህ መቶ ሃምሳ ነው፣ የጎደለው ታሞ ተቃጥሏል፤ ምን ትላላችሁ አለ። እኔ በሩ ላይ ቆሜ እጠብቃለሁ። ፍርሃት እንዳይመስልህ። የሌላ ሰው ጉዳይ የምሰማ ነበር የሚመስለኝ።

አንድ ሽማግሌ ወደ ችግኞቹ ሄዶ አንዱን ኩባያ አነሣ፣ ገልብጦ ሥሩን አየ። ባለፈው ዓመት ከሌላ ቦታ ጨምሮ ገዝቶ፣ ቢጫ ገብቶበት ማሳውን ሙሉ እንዳጣ ተናገረ። “የታመመውን ማቃጠል ያወቀች፣ ያልታመመውን አይታ ነው የሰጠችን” አለ፤ “እኔ ሥልሳ ችግኝ ቢጎድለኝ ይሻለኛል።” ከዚያ እጁን አወጣ። ሌሎቹም አወጡ። ሁለት ሰዎች አላወጡም፤ እነሱም ችግኛቸውን ወስደዋል። ሰብሳቢው ወረቀቱን እዚያው በርሜሉ ላይ አድርጎ ፈረመልኝ። ቤቱም ሥራውም በስሜ ሆነ። እግዜር ይስጥልኝ አልኩ። ሌላ የሚባል ነገር መኖሩን አላስታወስኩም።

እኩለ ቀን ላይ ችግኝ ቤቱ ባዶ ሆነ። አንድ ኩባያ እንኳ አልቀረም።

ችግኝ የሚወጣበትን ቀን አንተም ታውቀዋለህ፤ ወንድምህ እንዴት እንደሚሆን። ሦስት ወር ደህና እንቅልፍ የማይተኛ ሰው የመጨረሻው ጋሪ ሲወጣ ቆሞ ይበላል፤ ከነጫማው አልጋ ላይ ይወድቃል፤ እስከ ማግስቱ አይነቃም። ጫማውን አወልቅለታለሁ፣ መስኮቱን እዘጋለሁ፣ ጎረቤቱን ዝም አሰኛለሁ። ያን ቀን እሱ ሥራውን ጨርሷል፤ የቀረው የኔ ነው።

ጋሪዎቹ ሲወጡ እጄን ታጥቤ ወደ ቤት ገባሁ። መስኮቱን ዘጋሁ። አንሶላ ቀየርኩ። ብርድ ልብሱን በሱ በኩል ገለጥ አደረግኩ። ልብስ ሰፊዋ ደስ ብሏት፣ እንኳን ደስ ያለሽ እያለች ድምፅዋን ከፍ አድርጋ ገባች።

“ቀስ በይ” አልኳት፣ “ሊተኛ ነው።”

ባለችበት ቆመች፤ እጇን አፏ ላይ አደረገች። ያልኩትን ያን ጊዜ ሰማሁት። ከማንም ሳይሆን ከራሴ አፍ ሰማሁት። አልጋው ሥር፣ ወለሉ ላይ ተቀመጥኩ። የመጣው ድምፅ የኔ አይመስልም ነበር፤ ግን የኔ ነው፣ ጉሮሮዬ ነው የቆሰለው። እስኪመሽ አለቀስኩ። ትናንትም አለቀስኩ። ይህን ስጽፍልህም እያቋረጥኩ እያለቀስኩ ነው። አመመኝ፣ ፌንጣ። ሁሉም ቦታ አመመኝ።

ሰው እንዲጠይቀኝ አልጠብቅም፤ ከእንግዲህ አንተን የከለከለህ አሠሪ አልነበረም ብዬ እነግራቸዋለሁ፤ እውነቱን። ፈሪ ነኝ ስላልከው ግን አንድ ነገር ልንገርህ። እኔ እዚያው ቆሜ ነበር። አፈሩ ሲለብስ አይቻለሁ፣ የሰዉን እጅ ጨብጫለሁ፣ በእግሬ ተመልሻለሁ። ቢሆንም ቀብሩ ላይ አልነበርኩም። የደረስኩት ከትናንት በስቲያ ነው።

እትዬህ